አባታችን ሆስፒታል ሲገቡ፦ በእስራኤል ድጋፉን ፈልጎ ማግኘት

በእስራኤል በአንድ የሆስፒታል አልጋ ዙሪያ ብዙ ረዳት አለ። ዊልቼር የሚያውስ አለ፤ ለአስታማሚ ትኩስ ምግብ የሚያመጣ፣ ሕመምተኛ የሚያመላልስ፣ እቤት ድረስ ተንከባካቢ የሚልክም አለ። አብዛኛው ግን ካልተጠራ አይመጣም። የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎቻችን ደግሞ "ምን ቸገረዎት?" ሲባሉ "ምንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ማለትን የለመዱ ናቸው። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብዙ እናቶችና አባቶች ዛሬ እርጅና ላይ ናቸው። ሲታመሙ ጠርቶ፣ ጠይቆና ፈርሞ ድጋፉን የሚያመጣላቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታማሚው ከድንገተኛ ክፍሉ፣ ከሚዩን፣ ወጥተው ወደ ማህላካ፣ ማለትም ወደ ተኝቶ መታከሚያው ክፍል፣ ሲገቡ ከሐኪሙ ቀጥሎ የምትፈለገው የክፍሉ ሶሻል ወርከር ናት። ብዙ ቤተሰብ እሷን የሚያገኛት መውጫው ቀን ሲደርስ ነው፤ ያኔ ዘግይቷል። የመውጫው እቅድ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ መሠራት ስለሚጀምር ያኔውኑ ሄዳችሁ አራት ነገር ንገሯት፦ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆኑና ሊፍት መኖር አለመኖሩን፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሚያበስልላቸውና ማን እንደሚያጥባቸው፣ አማርኛ ይሁን ትግርኛ የሚሰሙት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሊፍት በሌለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት፣ የዳሌ አጥንታቸው ተጠግኖ በቀጥታ እቤት የተላኩ እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህን የነገረ ሰው አለመኖሩ ነው። ያ ቢታወቅ ኖሮ ሺኩም፣ ማለትም የማገገሚያ ክፍል፣ ይጠየቅላቸው ነበር። የሺኩሙን ወጪ የሚፈቅደው ኩፓት ሆሊም፣ ማለትም የታማሚው የጤና መድን ድርጅት፣ ስለሆነ ጥያቄው ከሆስፒታሉ ወጥቶ ኩፓው እስኪመልስ ቀናት ይወስዳል።

ከመንግሥት ተቋማቱ ውጭ ያለው ድጋፍ ሥሩ ቢኩር ሆሊም፣ ሕመምተኛን የመጠየቅ ሚጽቫ፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ትእዛዝ፣ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ታልሙድ፣ በነዳሪም ክፍል፣ ሕመምተኛን የጎበኘ ከሕመሙ 1/60ኛውን ይወስድለታል ይላል። ስለ ራቢ አቂቫ የተነገረውም እዚያው ነው፦ አንድ ተማሪ ታሞ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ራቢ አቂቫ ገቡ፤ ወለሉ ተጠርጎ ውሃ ተረጨበት፤ ተማሪው ዳነ። ጥየቃ ማለት አጠገቡ መቀመጥ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ስለሆነ ይህን ታሪክ እንወደዋለን። ቤቱን መጥረግም ጥየቃ ነው። ታልሙዱ ሰዓትም ይመርጣል። በቀኑ የመጀመሪያ ሦስት ሰዓታት አትሂድ ይላል፤ ያኔ ሕመምተኛው ቀለል ስለሚለው ጎብኚው መጸለይን ይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዓታትም አትሂድ፤ ያኔ ሕመሙ ስለሚበረታ ተስፋ ይቆርጣል። ዛሬም ጠዋት የሐኪሞች ዙር፣ መታጠብና ምርመራ ስላለ ምክሩ ይሠራል።

የእኛ ማኅበረሰብ ጥየቃ ላይ ማንም አይቀድመው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ላይ መምጣቱ ነው። ማህላካዎች አብዛኛውን ጊዜ አልጋ አጠገብ ከሁለት ሰው በላይ አይፈቅዱም፤ ሃያ ዘመድ በአንድ ከሰዓት ሲመጣ ከነርሶቹ ጋር ጭቅጭቅ ይነሳል፤ ሌሊቱን ግን አባት ብቻቸውን ያድራሉ። አንድ ሰው አስተባባሪ ይሁን፤ በዋትስአፕ ተራ ያውጣ። ሐኪም ዙር ሲያደርግ ዕብራይስጥ የሚችል አንድ ሰው ይገኝ። ከሰዓት ሁለት ሁለት ሆነው ዘመዶች ይምጡ። ማታ ግራ ለሚጋቡ ሽማግሌ የሚያድር ይኑር። የተረፈው ዘመድ ወደ ቤት ሄዶ ያብስል፣ ያጽዳ፣ የልጅ ልጆቹን ይያዝ። በዕብራይስጥ ልጸልይላቸው የሚል በጎ ፈቃደኛ ቢመጣ የሚጠይቀው የታማሚውን ስምና የእናታቸውን ስም ነው። እኛ በአባት ስም ስለምንጠራ ይህ ጥያቄ የሚያስደነግጣቸው አሉ፤ ለሕመምተኛ የሚጸለየው በእናት ስም ስለሆነ ነው።

ከድርጅቶቹ ሁለቱን ሁሉም ቤተሰብ ቢያውቃቸው ጥሩ ነው። ያድ ሳራ በ1976 በኡሪ ሉፖልያንስኪ ተመሠረተ፤ ሰውዬው በኋላ የኢየሩሳሌም ከንቲባ ሆኑ። የሕክምና ዕቃ ያውሳል፤ ስልኩ ኮከብ (*) 6444 ነው። ኤዜር ሚጽዮን በ1979 የተጀመረ ሲሆን ሕመምተኛ ማመላለሻና ለሆስፒታል ቤተሰቦች ምግብ አለው፤ ትልቅ የአጥንት መቅኔ ለጋሾች መዝገብም ይዟል። ከእነሱ ሌላ በየሰፈሩ ግማህ የሚባል ትንሽ የነፃ ማዋሻ አለ፤ የሕፃን መድኃኒት፣ ፍራሽ፣ አንዳንዴ ከሆስፒታል አጠገብ ሰንበት የሚታደርበት ቤት። የግማሁን ዝርዝር ከሆስፒታሉ ራቢ ወይም ከሶሻል ወርከሯ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቋንቋ እንምጣ፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ የጤና ተቋማት የቋንቋ አገልግሎት የማዘጋጀት ግዴታ አለባቸው። አማርኛ በስልክ ይተረጎማል። ስለዚህ "ልጃቸው የለም እንዴ?" ስትባሉ "በስልክ አስተርጓሚ ይጠራልን" ማለት ትችላላችሁ፤ ካልሆነም የሚኒስቴሩ መስመር ኮከብ 5400 አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለአያቱ ካንሰርን እንዲተረጉም አይደረግም። ለሴት አያት የማሕፀን ምርመራ በወንድ ልጃቸው ሲተረጎም ደግሞ የሚሸፈነው ብዙ ነው። እናት ያፍራሉ፤ ልጅም ያሳጥረዋል።

አስተርጓሚ ሲኖር ሐኪሙ በአጭር በአጭሩ ይናገር፤ በመጨረሻ ታማሚው የገባቸውን በራሳቸው አፍ መልሰው ይንገሩ። "እሺ" ማለት ገባኝ ማለት አይደለም፤ ለሐኪም እሺ ማለት ለሽማግሌዎቻችን አክብሮት ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚፈረመው ወረቀትም ከዚህ በኋላ ይፈረም። ሕመም ሲገለጽ ደግሞ በእጅ ማሳየት ይጠቅማል። "ልቤን ያመኛል" ያሉ እናት ጨጓራቸውን ሊሉ ይችላሉ፤ ጭንቀታቸውንም ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የልብ ሕመምም ሊሆን ስለሚችል ግን ምርመራው አይቀርም።

የሰዓት አቆጣጠሩ ከሁሉ ይበልጥ ተዘንግቷል። ሐኪሙ ጠዋት 8 ሲል በእኛ ሁለት ሰዓት ነው። "በስምንት ሰዓት ዋጡ" ተብሎ እንደ ቁጥሩ ከተተረጎመ ግን ሽማግሌው የሚሰሙት ከቀኑ ስምንት፣ ማለትም 14፡00 ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተንሸራተተ ማለት ነው። ለራስ ምታት ኪኒን ምንም አይደለም፤ ለኢንሱሊን ግን አደገኛ ነው። ቁጥሩን ትታችሁ "ከቁርስ በፊት"፣ "ከመኝታ በፊት" በሉ፤ ካርቶኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣሉበት። ለሰባት ቀን በቀን አራት ክፍል ያለው የኪኒን ሳጥን ግዙ፤ በሳምንቱ በተወሰነ ቀን አንድ ሰው ብቻ ይሙላው። ሁለት ልጆች ተራ በተራ ሲሞሉት አንዱ የቆመውን መድኃኒት መልሶ ያስገባል።

ስኳርን ካነሳን አይቀር፣ ስንመጣ በማኅበረሰባችን ውስጥ እምብዛም ያልነበረ በሽታ ዛሬ በየቤቱ አለ። ሐዴራ በሚገኘው ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ዶክተር አናት ያፌ ያቋቋሙት ጤና ብሪዩት የተነሳው ከዚህ ነው፤ በራሳችን ቋንቋ ያስተምራል። ሆስፒታል ውስጥ የሚያጋጥመው ግን ይህ ነው፦ ኢንሱሊኑ የሚለካው በሆስፒታሉ ትሪ ነው፤ ዘመድ ደግሞ እንጀራ በሽሮ ይዞ ይገባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ ሽቅብ ሲወጣ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል። በማግስቱ እንጀራው ሳይመጣ ይቀርና ስኳሩ ወርዶ ላብ ያሰምጣቸዋል። እንጀራ አታምጡ አንልም፤ የአገር ምግብ ለበሽተኛ ጉልበት ነው። ብቻ ሳይበሉ በፊት ለነርሷ "ግማሽ እንጀራ ሊበሉ ነው" በሉ። ሥጋና ወተት በሚለይበት ፍሪጅና ማሞቂያም የራሳችሁን ምግብ ሳትጠይቁ አታስገቡ። በዮም ኪፑር እጾማለሁ ለሚሉ ስኳር በሽተኛ ደግሞ ሐኪሙና ቄሱ አብረው ያናግሯቸው፤ ሕይወትን ማዳን ከጾም እንደሚበልጥ ከቄስ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

የክፉ ዜና ነገር ከባድ ነው። ባህላችን መርዶን ያዘጋጃል፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ሰዓት ይመረጣል። እዚህ ሐኪሙ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ይናገረዋል። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ታማሚው ስለ ራሱ ሁኔታ መረጃ እንዲሰጠው ያዛል፤ መረጃው በጽኑ ይጎዳዋል ተብሎ እንዲደበቅ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቅ አለበት። ስለዚህ "አትንገራቸው" ብሎ ሐኪሙን መለመን ብዙ አያስኬድም። ይልቅ የሚሠራው ይህ ነው፦ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት አባትን ራሳቸውን "ስለ ሕመሙ ለእርስዎ ይነገር ወይስ ለታላቅ ልጅዎ?" ብሎ መጠየቅና መልሳቸውን ለሐኪሙ ማሳወቅ። ብዙዎች "ለልጄ ንገሩ" ይላሉ፤ ያም የራሳቸው ምርጫ ነው። ለራሴ ይነገረኝ ካሉ ደግሞ የተቀመጡበት ክፍል፣ አስተርጓሚ፣ ቄስ ወይም የሚያከብሩት ሽማግሌ፣ እና በቂ ጊዜ ጠይቁ። በስልክና በምሽት አይሁን።

መውጫው ከሐሙስ በኋላ ከሆነ ተጠንቀቁ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ፋርማሲው፣ የዕቃ ማዋሻው፣ የኩፓው ክሊኒክ አብዛኛው ይዘጋል፤ በብዙ ከተማ አውቶቡስም እስከ ቅዳሜ ማታ አይሄድም። ዓርብ 13፡00 ላይ "ሂዱ" የተባሉ አባት የደም ማቅጠኛ መርፌያቸውን እስከ እሑድ ላያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት "ነገ ልትለቋቸው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የመድኃኒት ማዘዣው ቀድሞ እንዲወጣ፣ ካልተቻለም እስከ እሑድ የሚበቃ መድኃኒት ከማህላካው እንዲሰጣችሁ አድርጉ። የመውጫ ደብዳቤውን ሳታነቡ አትውጡ፤ የቆመው፣ የተጨመረውና የተለወጠው መድኃኒት ይለይ። በቀጣዩ ሳምንት ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ይወሰድ፤ ለቀጣይ የሆስፒታል ቀጠሮ ደግሞ ከኩፓው ቶፌስ 17፣ ማለትም ወጪውን ኩፓው እንደሚሸፍን የሚገልጸውን ቅጽ፣ ካልያዛችሁ ሂሳቡ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል።

ዕቃ ስትወስዱ መታወቂያና ለማስያዣ የሚሆን ገንዘብ ያዙ፤ ሲመለስ ማስያዣው ይመለሳል። ዊልቼር ከመምረጣችሁ በፊት የቤቱን ጠባብ በር ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱ ነው። በመቀመጫው ስፋት ላይ ለጎማዎቹ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል፤ 45 ሳንቲ ሜትር መቀመጫ 65 ገደማ በር ይፈልጋል ማለት ነው። የሚደገፉበት ዎከር እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ቀጥ ብለው ሲቆሙ መያዣው የእጅ አንጓቸው ላይ ይድረስ፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ጎብጠው ይወድቃሉ። አልጋ ላይ የሚውሉ ከሆነ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ፤ ተረከዝና መቀመጫቸው ላይ ቀይ ምልክት ካያችሁ ያን ቀን ነርስ ጥሩ።

ከዚያ ቢቱዋህ ለኡሚ፣ ማለትም የብሔራዊ መድን ተቋሙ። የጡረታ ዕድሜ ደርሰው እቤታቸው የሚኖሩና ለመልበስ፣ ለመታጠብ፣ ለመብላት፣ ለመጸዳዳት ወይም እቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ እርዳታ የሚሹ ሰዎች የእንክብካቤ ድጎማ ይጠይቃሉ፤ የገቢ መመዘኛም አለው። ስልኩ ኮከብ 6050 ነው። ከ2018 ወዲህ ስድስት ደረጃ አለው፤ እንደ ደረጃው በሳምንት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 30 ሰዓት ይደርሳል። መታወቂያቸው ላይ ዕድሜያቸው አንሶ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው፤ ያ ጡረታውንም ድጎማውንም ስለሚያዘገይ የማስተካከያውን ጉዳይ በጤናቸው ጊዜ በጠበቃ አስጀምሩ።

ገምጋሚዋ ስትመጣ የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። እናት ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቡና አስፈልተው፣ ተነስተው ይቀበሏታል። "ራስዎን ይታጠባሉ?" ስትል "አዎ" ይላሉ፤ ልጃቸው እንደምታጥባቸው ለእንግዳ መናገር ነውር ነውና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? በሁለት ሳምንት ውስጥ እምቢታው በደብዳቤ ይመጣል። ከጉብኝቱ በፊት የምታጥባቸው ልጅ እንደምትገኝ አስታውቁ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። ለእናት "ይህቺ ሴት እንግዳ አይደለችም፤ እንደ ሐኪም ናት" በሉ። ያለፉትን ሦስት ወራት መውደቆች በቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ ጋዝ ከፍተው ረስተው ከሆነ፣ ከቤት ወጥተው ጠፍተው ከነበረ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ማን እንደሚይዛቸው ጻፉ። መጥፎውንም ቀን ንገሩ፤ የሚገመገመው አማካዩ ኑሮ እንጂ እንግዳ የተቀበሉበት ቀን አይደለም። ቢከለከል ደብዳቤው ላይ ባለው የጊዜ ገደብ ውስጥ ይግባኝ በሉ። ከተፈቀደ ደግሞ የእንክብካቤ ኩባንያውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ከመፈረም በፊት አማርኛ ወይም ትግርኛ የምትናገር ተንከባካቢ አለቻችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱን በከፊል በቀን ማዕከል መለወጥም ይቻላል፤ ብቻቸውን ለሚውሉ ሽማግሌ እዚያ ቡናና ጨዋታ አለ።

የማስታወስ ችግር የጀመራቸው ከሆነ፣ ገና በደንብ በሚረዱበት ጊዜ የዘለቄታ ውክልና ይፈርሙ። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ለዚህ ሥልጠና በወሰደ ጠበቃ ይዘጋጃል። ካልተፈረመና አእምሯቸው ከደከመ ልጆች ለሞግዚትነት ፍርድ ቤት መሄድ አለባቸው። በፊርማው ቀን ውክልናውን የሚቀበለው ልጅ ራሱ ባያስተረጉም ይመረጣል፤ ሌላ ሰው ያስተርጉም፣ አባትም የተነበበላቸውን መልሰው በአማርኛ ይናገሩት።