ኮርቲሶል የሚበዛው ከየት ነው?

ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በዝቶ ይሆናል የሚያሰኝ ምልክት ሲታይ፣ ለምሳሌ ፊት ሲያብጥ፣ ሆድ ላይ ሰፊ ሐምራዊ ሸንተረር ሲወጣ ኤምአርአይ ለማዘዝ አይቸኮልም። መጀመሪያ ኮርቲሶልን የሚመስል መድኃኒት ይወሰድ እንደሆነ ይጠየቅ፦ ፕሬድኒሶሎን፣ የመገጣጠሚያ መርፌ፣ የፊት ማቅያ ክሬም ሳይቀር። ኮርቲሶሉ መብዛቱም በምርመራ ይረጋገጥ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 5 ሰዓት 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን (ጤነኛ ሰው ላይ ኮርቲሶልን የሚያወርድ መድኃኒት) ተውጦ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የደም ኮርቲሶል ከ1.8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ያጠራጥራል።

ምንጩን የሚጠቁመው ኤሲቲኤች ነው፤ ይህ ከፒቱታሪ (ከአንጎል ሥር ካለው እጢ) ወጥቶ አድሬናልን (ከኩላሊት በላይ ያለውን እጢ) ኮርቲሶል እንዲያመነጭ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ከ5 ፒኮግራም በሚሊሊትር በታች ከሆነ አድሬናል፣ ስለዚህ ሲቲ ስካን። ከ20 በላይ ከሆነ ፒቱታሪ፣ አልፎ አልፎም ሳንባ ወይም ሌላ ቦታ ያለ እጢ።

በድሬዳዋ ሙቀት ግን ናሙናው ራሱ ይዋሻል። ኤሲቲኤች በክፍል ሙቀት ስለሚፈርስ ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ይልና አድሬናል ያለጥፋቱ ይወነጀላል። ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ባለው ቱቦ ተቀድቶ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በቀዝቃዛ ሴንትሪፉጅ (በማሽከርከሪያ ማሽን) ቶሎ ተለይቶ፣ ሩቅ የሚላክ ከሆነ እንደ በረዶ ጠጥሮ ይጓዝ።

በፒቱታሪ ኤምአርአይ ላይ የምትታይ ከ6 ሚሊሜትር ያነሰች ነጥብም ለቀዶ ጥገና አትበቃም፤ ጤነኛ ሰው ላይም ትገኛለች።