ፊቴን ያስገባሁበት ፎቶ

ራሴን ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ፊቴን ሆን ብዬ አስቀር ነበር። ጀርባዬ፣ እጆቼ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላዬ፤ በቃ። ፊት ከገባ ያየው ሁሉ ወዲያው ወንድ ወይም ሴት ብሎ ይመድበኛል ብዬ ነው። እኔ ግን ከሁለቱም ዘንድ ራሴን አላገኘሁም። ኖን-ባይነሪ የሚባል ነገር መኖሩን ሳልሰማ በፊትም እንዲሁ ነበርኩ።

ሰሞኑን የዛኔሌ ሙሆሊን ሥራዎች ደጋግሜ ሳይ ሰነበትኩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደርባን አጠገብ ኡምላዚ የተወለዱ ደቡብ አፍሪካዊ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ወንድም ሴትም አይሉም። እናታቸው ቤስተር ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሙሆሊ እናታቸውን አስበው ባነሱት የራስ ምስል የልብስ መቆንጠጫ እንደ ዘውድ ጸጉራቸው ላይ ደርድረዋል፤ ጆሯቸውም ላይ አንጠልጥለዋል። ንፅፅሩን ከፍ እያደረጉ የቆዳቸውን ጥቁረት ያጎሉታል። በብዙዎቹ ሥራዎች ደግሞ ዓይናቸው ሌንሱ ላይ ተተክሏል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ልመድባቸው ብዬ ሳይ ለካ የሚታየው እኔ ሆኛለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1894 ፈረንሳይ፣ ናንት የተወለዱት፣ ራሳቸውን ከወንድም ከሴትም ያልመደቡት አርቲስት ክሎድ ካሁንም ጸጉራቸውን ተላጭተው እንዲህ ራሳቸውን ያነሱት ገና በ1920ዎቹ ነው። አዲስ ነገር አይደለንም።

ዛሬ ከሰዓት የጅማ ዝናብ ሲያባራ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ለስለስ አለ። የእናቴን ነጠላ አጣፋሁ፤ የአባቴን ኮት ከላይ ደረብኩ። ባለሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። (ከአንድ እንጨት ተፈልፍላ የወጣች ናት፤ ምስማር የሚባል አያውቃትም፤ በጣም ነው የምወዳት።) ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ ሞከርኩ። ነጠላው ከመጠን በላይ ነጥቶ ጥለቱ ጠፋ። ስክሪኑን ነጠላው ላይ ነካ አድርጌ ብርሃኑን ዝቅ ሳደርገው ጥለቱ ተመለሰ፤ ቆዳዬም ጠቆረ። ደስ አለኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ልጄ፣ ነጠላዬ እንዳይቆሽሽ አደራ» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ልቤ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ላይ ቀና ብያለሁ። ዓይኔ ትንሽ ፈርቷል፤ ግን አይሸሽም። ኮቱን ወይ ነጠላውን ከማየቴ በፊት ያየሁት እሱን ነው።

ምስሉን የትም አልለጥፈውም፤ እዚህ አገር የሚያመጣብኝን ጣጣ አውቃለሁ። ፊቴን ግን አልቆረጥኩትም። ነገ ብርሃን ካለ ያለ ኮቱ እሞክራለሁ።