መኪና ውስጥ ያገኘኋት ሐኪም

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ለሦስት ወር ያህል ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ እማዬ በስልክ "ልጄ ጸበል ሂጂ" ትለኝ ነበር፣ ሄጃለሁም፣ ግን እንቅልፌም የምግብ ፍላጎቴም አልተመለሰም። በመጨረሻ ቤት ያለ ሰው እንዳይሰማኝ መኪና ውስጥ ገብቼ ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ ሐኪም በቪዲዮ አናገርኩ። ድብርት መኖሩንና ክብደቱን የሚለኩትን፣ ፒኤችኪው-9 የሚባሉትን 9 ጥያቄዎች ጠየቀችኝ፣ ከ27 19 አመጣሁ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድብርቱ የባሰ ነው ማለት ነው። "ይሄ ስንፍና አይደለም፣ በሽታ ነው" ስትለኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ እስኪሠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታገሺ፣ ከራስሽ ተነስተሽ እንዳታቋርጪው አለችኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያቅለሸልሸኝ ሰነበተ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ግን በናታችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ አሜሪካ ያላችሁ አሁኑኑ ለእንዲህ ያለ ጭንቅ ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ደውሉ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ቡና እየቆላሁ ጭሱ ሸተተኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ!