ፎርን ወደ ዋይል ስቀይር ያመለጠችኝ መስመር

ፕሮግራሚንግ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። በፎር የተጻፈውን ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራ የኮድ ክፍል) በዋይል፣ ከዚያ በዱ ዋይል ጻፉት ይላል። ቋንቋው ሲ ነው። ሦስቱም ያው ሥራ መደጋገም አይደሉ እንዴ ብዬ ተዝናናሁ።

ፎር የሚለውን አጥፍቼ ዋይል ብዬ ጻፍኩ። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አልተቀበለኝም። ቅንፉን ቀረብ ብዬ ሳየው ለካ ፎር ሦስት ነገር ይይዛል፦ ቆጣሪው ከየት እንደሚጀምር፣ እስከ መቼ እንደሚቀጥል፣ በየዙሩ በስንት እንደሚጨምር። ዋይል የሚይዘው መሃለኛውን ብቻ ነው። መነሻውን ከሉፑ በላይ አወጣሁት፤ ጭማሪውን ከሉፑ ውስጥ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ከ1 እስከ 10 ቆጠረልኝ።

ቀጣዩ ጥያቄ ግን ጉድ ሠራኝ። ከ1 እስከ 10 ይታተም፣ 5 ይዘለል። ፎሩ 5ን የሚዘለው ኮንቲኒው በሚባል ትእዛዝ ነው። እንደ ቅድሙ ቀየርኩት። 1፣ 2፣ 3፣ 4 አለና ቀጥ። የስህተት መልእክት የለ፣ አይዘጋ። ኮንትሮልንና ሲን ተጭኜ ገደልኩት።

ብዙ ነካካሁ። የማነጻጸሪያ ምልክቱን ቀየርኩ፣ 10ን 11 አደረግኩ፣ ኮምፒውተሩን ሳይቀር አጥፍቼ አበራሁ (አትሳቁብኝ)። ሲደክመኝ ወረቀት አውጥቼ የቆጣሪውን ዋጋ በየዙሩ በእጄ ጻፍኩ። 5 ላይ ስደርስ ፍንትው አለልኝ። ኮንቲኒው ከሱ በታች ያለውን ሁሉ ትቶ ወደ ቀጣዩ ዙር ይሄዳል። በፎር ጊዜ ጭማሪው ቅንፉ ውስጥ ስላለ ኮንቲኒው አይነካውም። እኔ ግን ከታች አስቀምጬዋለሁ፤ አብሮ ይዘለላል። ቆጣሪው 5 ስለሆነ ይዘላል፣ ስለዘለለም 5 ሆኖ ይቀራል።

ከኮንቲኒው በፊት አንድ ጭማሪ ባስገባ ይበቃ ነበር። ግን አንድ መስመር ሁለት ቦታ መጻፍ አልወደድኩትም። ሁኔታውን ገለበጥኩት፦ 5 ካልሆነ አትም። ኮንቲኒው ራሱ ቀረ።

ዱ ዋይል ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ለ10 በትክክል ሠራ። መጨረሻውን ተጠቃሚው ያስገባ ሲባል 0 ሰጠሁት። ፎሩ ምንም አላተመም፣ ዱ ዋይሉ ግን 1 አለ። መጀመሪያ ሠርቶ ነው የሚጠይቀው። ከላዩ ኢፍ (ሁኔታው እውነት ከሆነ ብቻ የሚያሠራ ትእዛዝ) ጨመርኩና ተስተካከለ። በበኩሌ ለቆጠራ አልመርጠውም። የይለፍ ቃል እስኪስተካከል ደጋግሞ ለመጠየቅ ግን ልክ ቦታው ነው፤ አንዴ ሳይጠይቁማ አይሆንም።

በኋላ ፓይተን የተሰኘውን ሌላ ቋንቋ ስማር ዱ ዋይል የሚባል ነገር አጣሁ። በዋይል ትሩ (ሁኔታው ሁልጊዜ እውነት የሆነ ዋይል) ጀምሮ መጨረሻ ላይ በብሬክ (ሉፑን በሚያቋርጥ ትእዛዝ) መውጣት ነው። የፓይተን ፎር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውስጡ ቆጣሪውን ብትቀይሩት ቀጣዩ ዙር ላይ ይረሳዋል፤ የሲ ፎር ግን ከቀየራችሁት ይቀጥላል። ከ1 እስከ 10 ቆጥሮ ሲጨርስም በፓይተን ፎር ቆጣሪው 10 ላይ ይቀራል፣ በዋይል 11 ይሆናል። ከሉፑ በታች ያንን ቁጥር የሚጠቀም መስመር ካላችሁ እሱንም እዩት።