ወርቅ፣ ጨረር እና የአክስቴ ጥያቄ

ዛሬ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አዲስ አበባ የጨረር ሕክምናቸውን ጨርሰው የተመለሱትን አክስቴን ስጠይቅ ዋልሁ። «ልጄ፣ ጨረሩ ደኅናውን ሥጋ ከታመመው በምን ይለየዋል?» አሉኝ። በራሱ አይለየውም፤ ተመራማሪዎች የአቶም ቁጥሩ 79 የሆነውን ወርቅ በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ) መልክ ወደ ካንሰር ዕጢ ለማስገባት የሚጥሩትም፣ ኤክስሬይን ከሥጋ ይልቅ አብዝቶ ስለሚመጥና የዕጢውን ሕዋሳት የሚጎዱ ኤሌክትሮኖችን እዚያው ስለሚረጭ ነው። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ (የማንጋኒዝ ብረትና የኦክስጅን ውህድ) ነው፦ በዕጢው ውስጥ ካለው አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይሟሟል፣ ኦክስጅን ይለቃል (ኦክስጅን ያጠረው ዕጢ ጨረርን ይቋቋማልና)፣ የሚወጣው የማንጋኒዝ አዮንም ዕጢውን በኤምአርአይ ምስል ላይ ያደምቀዋል። ይህኛው በአብዛኛው ገና በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የሚጠና መሆኑን ሳልደብቅ ነገርኋቸው። እትዬም «ወርቁንስ ለጣቴ ባደረገው» ብለው ሳቁ።