ሞተሩ ከኋላ፣ ሻንጣው ከፊት

የእህቴ ባል ቪትዝ ነው የሚነዳው። ቮልሴን ባየ ቁጥር «ይሄን መኪና ሁሉን ነገር ገልብጠው ነው የገጠሙት» ይለኛል። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ሻንጣ የሚገባው ከፊት። ራዲያተር የለውም። የፊት መስታወቱን የሚያጥበው ውሃ የሚረጨው ከቅያሪ ጎማው በሚመጣ አየር ነው። መስኮት ከፈት ካላደረጉለት በሩ በደንብ አይዘጋም። እሱ ሁሉንም ደምሮ ጉድለት ይለዋል። እኔ አልስማማም። ሁሉንም ግን አልከላከልም።

ከራዲያተሩ ልጀምር። መኪናው በእነ ፈርዲናንድ ፖርሽ እጅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲነደፍ የታሰበው ጋራዥ ለሌለው ሰው ነው። ደጅ የሚያድር መኪና ውሃው በጀርመን ክረምት በረዶ ይሆንበታል። ስለዚህ ውሃውን ጨርሶ አስቀሩትና ሞተሩን በአየር አቀዘቀዙት። እኛ አገር በረዶው ባይኖርም ዳገቱ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ኮፈናቸውን ከፍተው ውሃ የሚጠብቁ መኪኖችን መንገድ ዳር አይቷል። ቮልስ የሚፈላ ውሃ የለውም። የሞተሩ ክብደት ደግሞ የሚያርፈው በሚነዱት የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ዳገት ሲገጥመኝ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።

አየሩም ቢሆን በነጻ አይገኝም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ሲበጠስ ቀይ መብራት ይበራል፣ ወዲያው ካላቆሙ ሞተሩ ይቃጠላል። በቆዩት ሞተሮች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ፋብሪካው ይህን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። የእኔ መካኒክ የድሮ ሞተር ሲከፍት ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሦስተኛው ነው። ሞተሩን ማውረድ ለእሱ ቀላል ነው፤ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ክሪክና ጣውላ ካለ ግቢ ውስጥ ይወርዳል። ይህን የመሰለ ነገር የትኛው ዘመናዊ መኪና ላይ ይገኛል?

ጉድለትን የምለይበት የራሴ መለኪያ አለኝ። አስቀድሞ የሚናገር ነገር ጠባይ ነው፣ እለምደዋለሁ። ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን የሚጎዳኝ ግን ጉድለት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መግቢያ የተሠሩት ብዙዎቹ ቮልሶች ነዳጅ መለኪያ አልነበራቸውም። ቤንዚን ሲያልቅ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ነጂው እግሩ ሥር ያለችውን ማዞሪያ በእግሩ ገፋ ሲያደርጋት አምስት ሊትር ያህል መጠባበቂያ ይለቀቃል። የእህቴ ባል በዚህ ይስቃል። እኔ ግን መኪናው ተናግሯል እላለሁ።

ባትሪው ግን አይናገርም። የተቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። መሸፈኛው ከጠፋ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ይነካና መቀመጫው እሳት ሊይዝ ይችላል። ይህን ምንም ብልሃት ብሎ መሸፋፈን አይቻልም። ማሞቂያውም እንደዚያው ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ከጭስ ማውጫው ስለሆነ፣ ቱቦው ከዛገ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በኅዳር ጠዋት መስኮት ዘግቶ ለሚነዳ ሰው አደገኛ ነው። የድሮዎቹ የኋላ አክሰልም (ጎማዎቹን የያዘው ዘንግ) አለ። ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ ድንገት እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳ ነጂ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፍበትና መኪናው ሊያመልጠው ይችላል። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ለዓመታት ምንም ላያይ ይችላል። ስለዚህም ነው የምፈራው።

«ጥሩ ከሆነማ ለምን ራሳቸው ተዉት?» ይለኛል የእህቴ ባል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1974 ጎልፍን ሲያወጣ ሞተሩን ወደ ፊት አመጣው፣ በውሃም አቀዘቀዘው። ለሰውና ለዕቃ ሰፋ ያለ ቦታ አገኘ፣ ማሞቂያውም ተሻለ። አምናለሁ። ነገር ግን የድሮው ቮልስ በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ መሠራቱን ቀጥሏል። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ቀላል መኪና፣ ቀላል ጥገና የሚፈልግ ሰው ጎልፍ ከመጣ በኋላም አልጠፋም ማለት ነው።

ቮልስ ልትገዙ ካሰባችሁ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የኋላውን መቀመጫ አንሱ። የባትሪው መሸፈኛ በቦታው መኖሩን እዩ። ከሌለ ሻጩ የቀረውንም እንዴት እንደያዘው ጠይቁ፣ ዋጋውንም ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።