የእማማ ጤና አዳም

ጎረቤቴ እማማ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው ሲመለሱ በረንዳ ላይ የነበረው ጤና አዳማቸው ቅጠሉ ረግፎ ስለጠበቃቸው፣ ዛሬ ጠዋት ከነመትከያው ሊጥሉት ደረጃ ሲወርዱ አገኘኋቸው። «እስቲ አንዴ ይቆዩኝ» ብዬ ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ታየ፤ ሽታውም ጣቴ ላይ ቀረ። «ነፍስ አለው ለካ!» አሉ።

ከመጠን በላይ የደረቀ አፈር ተኮማትሮ ከመትከያው ጠርዝ ስለሚላቀቅ፣ ከላይ የሚፈስበት ውኃ በዳር በዳር ወርዶ በታችኛው ቀዳዳ ይወጣል፤ ሥሩ ግን እንደተጠማ ይቀራል። ስለዚህ መትከያውን እንዳለ ሳፋ ውኃ ውስጥ አስቀመጥነው። ውኃው ከሥር እየገባ አየሩን ሲያስወጣው አፈሩ አረፋ ይደፍቅ ጀመር፤ እማማም ጎንበስ ብለው «እየጠጣ ነው፣ አየኸው ልጄ?» እያሉ አረፋው እስኪቆም ድረስ ከአጠገቡ አልተነሡም።

ከዚያ የሞቱትን ቅርንጫፎች ቆርጠን፣ ውኃው ሲጠነፍፍ ከጠራራ ፀሐይ ራቅ አድርገን አኖርነው። ማዳበሪያ ሊጨምሩበት ቸኩለው ነበር፤ የተጎዳ ሥር ግን ማዳበሪያ ስለሚያቃጥለው አዲስ ቀንበጥ እስኪያወጣ እንዲታገሡት ለመንኳቸው። ለቡናችን የምንቀነጥሰው፣ ለስንት ሕመም የምንፈልገው ይህ ተክል ቅጠሉ ስለረገፈ ብቻ በየኮንዶሚኒየሙ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል፤ ከመጣሉ በፊት ቢያንስ ግንዱ በጥፍር ይፈተንለት።